ጥርሳችንን ነክሰን

እኛ የከተማ ልጆች ጥርሳችንን ነክሰን ነው የምንኖረው። ለአባባል አይደለም፣ በቁሙ ነው። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን እንነክሳለን፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንነክሳለን፤ ተኝተንም እናፋጫለን። (እናቶቻችን ማፋጨት የወስፋት ምልክት ነው ይላሉ። ስንቱን የትል መድኃኒት በከንቱ ዋጥነው!)

ከዚያ አንድ ጠዋት አፍ አልከፈት ይላል። ጆሮ ሥር ይጠዘጥዛል፣ ስንጎርስ "ቀጭ" ይላል። ወዴት? ጥርስ ክሊኒክ ነዋ! ከመካከላችን አንዷ በዚሁ ሕመም ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿን ተነቅላ ተመልሳለች። የክሊኒኩን ስም እንለፈው። ጥርሶቹ ሄዱ፣ ሕመሙ ቀረ።

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ። የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ ወደ ፊትም ይንሸራተታል፤ መሀሉ ላይ ስስ ትራስ የመሰለ ነገር አለው። ብዙ ጊዜ "ቀጭ" የሚለው ይህ ትራስ ከቦታው ፈቀቅ ሲል ነው። ካላመመ ይተው፣ ሕክምና አይፈልግም። ተንኮለኞቹ ጡንቻዎቹ ናቸው፤ ሲዝሉ ሕመማቸውን ወደ ጥርስና ወደ ጆሮ ይልካሉ። ምንም ያልሆነ ጥርስ "የታመምኩት እኔ ነኝ" ብሎ በሐሰት ይመሰክራል፤ ጉጠቱም ያምነዋል።

ጥርስን መክሰስ የቆየ ነገር ነው። ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 ጥፋቱን በጥርስ መጓደልና በንክሻ መዛባት ላይ ጣለ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ጥርስ ተሞረደ። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ የወጣ መመሪያ ግን ለቆየ ሕመም ያስቀደመው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴን፣ ጡንቻ ማሸትንና የሥነ ልቦና ምክርን ነው። ንክሻን ለዘለቄታው የሚለውጥ መሣሪያ አጥብቆ ተቃውሟል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ "ዶክተር፣ ከመንቀልዎ በፊት መገጣጠሚያውንና ጡንቻውን ይዳስሱልኝ" በሉ። አያሳፍርም። ለዚህ ጣትና ማስመሪያ ይበቃል፤ ጤነኛ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጣት አቁሞ ያስገባል። ጥርሱ በእርግጥ ተበልቶ ከሆነ ይታከም፤ ፊት ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

እስከዚያው ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ ይደረግ። ማስቲካ ለጥቂት ሳምንት ይቅር። ጫቱም... እሺ፣ በጫቱ ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን።