ዳኛዋ ሟች ስትሆን

ስለ ኑሮ ውድነት ወይም ስለ ምርጫ እንድጽፍ የምትጠብቁ ብትኖሩ ለዛሬ ፍቀዱልኝ። የዛሬው ጉዳዬ ጌም ነው፤ ልጆቻችን ዐይናቸው እስኪቀላ የሚያፈጡበት የኮምፒውተር ጨዋታ። «ይህ ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢገኝ ጥቂት ይታገሠኝ። በሙታን ስም የሚካሄድ ሙግት ፖለቲካ ካልሆነ፣ በዚህች አገር ፖለቲካ የሚባል ነገር የለም።

ጨዋታው «ባኒሸርስ፦ ጎስትስ ኦፍ ኒው ኤደን» ይባላል። በአማርኛ «መንፈስ አባራሪዎች» ብንለው ያስኬዳል። ፓሪስ የሚገኘው ዶንት ኖድ የተባለ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለገበያ ቀረበ። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1695 በሰሜን አሜሪካ፣ «አዲሲቱ ኤደን» የሚል ስም በተሰጣት የሰፋሪዎች መንደር ነው። ስሟ ኤደን ይሁን እንጂ ገነት አይደለችም። ተረግማለች፤ ሙታኖቿም አርፈን አንተኛም ብለው ሕያዋኑን ያምሳሉ። እርግማኑን እንዲያነሡ የተጠሩት ሁለት ፍቅረኛሞች ናቸው፤ ስኮትላንዳዊው ሬድ ማክ ሬይዝና በሙያው አስተማሪው የሆነችው አንቲያ ዱአርቴ። ታሪኩ ገና ሳይሞቅ አንቲያ ትገደላለች። መንፈስ ስታባርር የኖረችው ሴት ራሷ መንፈስ ሆና ከፍቅረኛዋ ጎን ትቆማለች።

ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ ሁለቱንም ይመራል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሬድ በሰይፉና በጠመንጃው ይዋጋል፤ ደግሞ ሲጫን አንቲያ በባዶ እጇ ትገባለች። ሬድ ሰው ይጠይቃል፣ ደብዳቤ ያነባል፤ አንቲያ ደግሞ ሕያው ዐይን የማያየውን ታያለች። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ውጊያው እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይደጋገማል፤ ሲቆይም ይሰለቻል። የጨዋታው ልብ ያለው ፍርዱ ላይ ነው። በየሄዱበት አንድ ሕያው ሰፋሪ በአንድ ሙት መንፈስ ተይዞ ይገኛል። ሁለቱ ጀግኖች ጉዳዩን ይመረምራሉ፤ ማን ማንን እንደ በደለ ይደርሱበታል። ሟቹ ሁልጊዜ ተበዳይ፣ ሕያው ሁልጊዜ በዳይ አይደለም። በመጨረሻ ሦስት መንገድ ይቀርባል፤ መንፈሱን በኃይል ማባረር፣ በሰላም መሸኘት፣ ወይም ሕያውን ሰው ጥፋተኛ ብሎ ነፍሱን መውሰድ።

ነገሩ የሚጠልቀው እዚህ ላይ ነው። ሬድ አንቲያን ከሞት ሊያስነሣት ይችላል፤ ለዚህ ግን የሕያዋን ነፍስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ በተሠዋ ቁጥር አንቲያ ወደ ሕይወት አንድ እርምጃ ትጠጋለች። እንግዲህ አስቡት፤ በችሎቱ ከተቀመጡት ሁለት ዳኞች አንዷ ሟች ናት፣ ሌላው የሟች ወዳጅ ነው፤ ሁለቱም «ጥፋተኛ» ባሉ ቁጥር ያተርፋሉ፣ «ይቅር» ባሉ ቁጥር ይከስራሉ። ተከሳሹም በእርግጥ በደለኛ ሊሆን ይችላል! ማስረጃው እውነት፣ እንባው እውነት፣ ዳኛው ግን ባለጥቅም። በዚህ ዓይነት ችሎት የተሰጠ ትክክለኛ ፍርድ ፍትሕ ይባላል ወይስ ገበያ? በሙታን ስም የሚናገሩ ሰዎች ከየክሱ ምን እንደሚያገኙ ብንጠይቅ፣ መልሱ ወንበር፣ ድምፅ፣ ተከታይ፣ አንዳንዴም መሬት ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህን ጨዋታ ያየሁት ጢቾ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ። ጢቾ በንጉሡ ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር የአርሲ አንዱ አውራጃ ስም ነበረች፤ ዛሬ ብርድና ገብስ የማይጠፋባት ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ያጠናል። ዱባይ ያለች አክስቱ ጠንካራ ላፕቶፕ ልካለታለች፤ ጨዋታውን ደግሞ ከአዳማ ጓደኛው በሃርድ ዲስክ ገልብጦ አምጥቶታል (የቅጂ መብት ጉዳይ ሌላ ቀን እንመለስበታለን)። መብራት ሲሄድ እናቋርጣለን፤ ሲመጣ እንቀጥላለን። እህቴ ጭኮ በቅቤ አቅርባ «ሁለት ሕፃናት!» እያለች ታልፋለች።

ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኔና የእናቱ ቅድመ አያት ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ማደሪያ መሬት ተሰጥቷቸው ጢቾ ገቡ፤ እዚያው ተቀበሩ። አባቱ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ የእርሳቸው ቅድመ አያት ያንኑ ጦር ለመመከት ከወጡት ወገን ናቸው። ልጁ ሁለቱንም ሙታን ተሸክሞ ጆይስቲክ ይዟል።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ እየተመራ አርሲን ለመያዝ ዓመታት የፈጀ ዘመቻ አካሄደ። ዘመቻው ብርቱ ጭካኔ እንደነበረበት፣ ከዚያም በኋላ ገበሬው በገዛ መሬቱ ገባርና ጭሰኛ እንደሆነ የሚክድ ሰው፣ ክህደቱ ከእውቀት ማነስ የመጣ አይመስለኝም። በ2006 ዓ.ም. በሂጦሳ ወረዳ፣ አኖሌ ላይ፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ሐውልት ቆመ። አንዱ ወገን «የሙታናችን ድምፅ ተሰማ» አለ፤ ሌላው «ይህ ለቂም የተተከለ ነው» አለ። እኔ ሐውልት መቆሙን አልቃወምም፤ ሙት ያለው ያለቅሳል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የሙታኑን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉ የተገደሉት ገበሬዎች የራስ ዳርጌ ወታደሮች አልነበሩም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎችም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የዚያ ሰሞን ሟቾችን 123 አድርሷቸዋል፤ 35ቱ በተደራጁ ሰዎችና በግለሰቦች ጥቃት፣ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች፣ 12ቱ በፍንዳታ የሞቱ ናቸው። ቁጥሩን ልብ በሉት፤ ሁላችንም የራሳችንን ሙታን መርጠን የምንጠቅሰው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው። 35ቱን የሚያነሣ 76ቱን ይዘላል፤ 76ቱን የሚያነሣም 35ቱን።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ አንቲያን ሊያስነሣት ምሎ ነበር። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ይህን መሐላ ያስምላል፤ አስነሣታለሁ ወይም በሰላም እሸኛታለሁ ማለት ግድ ነው። ልጁ ሲፈርድ አየሁት። የመጀመሪያውን ተከሳሽ ሲሠዋ ምክንያት ደረደረልኝ። በሁለተኛው ምክንያቱ አጠረ። በሦስተኛው «ያው በደለኛ ነው» ብሎ ምርመራው ሳያልቅ ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ። የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ፍርድ አይደለም፤ ሦስተኛው ነው።

አባቱ ማታ ከብቶቹን አስገብተው መጡ። ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ከኋላችን ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የሚባለውን ልጃቸው በኦሮምኛ ይተረጉምላቸዋል። ጥፋተኛው ሰፋሪ ሲያምንና ሦስቱ ምርጫዎች ሲመጡ፣

«ካመነ ለምን ይገደላል?» አሉ። «ጉማ የለም እንዴ?»

ልጁ ሣቀ። «አባ፣ ጌሙ ላይ ጉማ የሚባል ቁልፍ የለም።»

«ታዲያ የሠሩት ሰዎች ሽማግሌ አልጠየቁም።»

ለማታውቁት፣ ጉማ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የደም ካሣ ሥርዓት ነው። የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ በሽማግሌ በኩል ይቀርባል፤ ካሣውን ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሣው አዋጥቶ በከብት ይከፍላል፤ ደም በደም መመለሱ እዚያ ላይ ይቆማል። ጠቡ ከተካረረ እናቶች ሲንቄያቸውን፣ ያችን የጋብቻ በትራቸውን፣ ይዘው መሃል ይገባሉ፤ ያን አልፎ የሚማታ ነውረኛ ነው። ሕያው የሙቱን ዕዳ ይከፍላል፤ ነፍሱን ግን አይከፍልም። ሽማግሌውም ከፍርዱ ትንሣኤ አይጠብቅም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ማጽደቁን ስሰማ የታወሱኝ እኒያ ጨዋታ ሠሪዎች ነበሩ። የሕግ ባለሙያዎቹን አላቃልልም፤ ግን ጢቾ ድረስ መጥተው ከብት ሲያስገቡ የሚመሹ ሽማግሌዎችን ቢያነጋግሩ አይጎዱም።

ጉማም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ሰው ለሰው፣ ጎሣ ለጎሣ የሚሠራውን ሥርዓት አንድ መንግሥት ለፈጸመው ግፍ እንዴት እናውለው? ያ መንግሥት ፈርሷል፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጌታውንም ጭሰኛውንም አንድ ላይ አስቀርቷል። ማን አምኖ ይቅረብ? የእኔ ቅድመ አያት አጥንት? ወይስ እኔ፣ አዲስ አበባ በኪራይ ቤት የምኖረው? ምልክት ብቻ የሆነ ካሣ እንኳ ቢጠየቅ በበኩሌ አልሸሽም። ከሌላው ነጥቀው ለሚሰጡ ባለወንበሮች ግን ጊደሬን አላስረክብም።

ልጁ በማግሥቱ ያነሣው ጥያቄ ደግሞ ለእኔም አልመጣልኝም ነበር። «አጎቴ፣ ኒው ኤደን ከመባሉ በፊት ቦታው ምን ይባል ነበር?» አለኝ። እውነትም በጨዋታው ሰፋሪ በሰፋሪ ላይ ይከስሳል፣ ባል በሚስት፣ ጌታ በአሽከር። ከእነርሱ በፊት በዚያ ጫካ የኖሩት ሕዝቦች ግን በታሪኩ መሃል የሉም። ያ ሁሉ መንፈስ በሚዞርበት አገር የእነርሱ መንፈስ ችሎት አልቆመም። አዳማም አንድ ሰሞን ናዝሬት ተብላ ነበር። አባቱ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ወደ እኔ ዞር ብለው ቡናው እንዲደገምልኝ ብቻ አዘዙ።

ከአንድ ወር በኋላ ልጁ ደውሎ ጨዋታውን መጨረሱን ነገረኝ። መሐላውን አፍርሶ አንቲያን በሰላም ሸኝቷታል። አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ምሎ ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው። አባቱ ማታ ማታ ወንበር ስበው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ አዲስ ተከሳሽ በመጣ ቁጥርም ያችኑ ቁልፍ ይጠይቁታል።