ተደርጓል፣ ተጣርቷል

ባለፈው ሐምሌ፣ ሀደሮ ላይ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ በጣለበት ሰሞን፣ የወንድሜ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። የሕግ ተማሪ ነው። አራተኛ ዓመቱን ጨርሶ አንድ ዓመት ይቀረዋል። እኛ ዘንድ የአባት ወንድም አባት ስለሆነ «አባባ» ነው የሚለኝ። እራት በልተን፣ ጸልየን፣ ቤተ ሰቡ ወደ መኝታው ሲሄድ ስልኩን አወጣና «አባባ፣ አንድ ጽሑፍ ነበረኝ፤ አማርኛውን ይዩልኝ» አለኝ።

ለካ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሕግ ተማሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ኖሯል። ጽሑፉም ለሚቀጥለው ኮሚቴ የሚያስረክበው የዓመቱ ሪፖርት ነው። ለእናቱ እንኳ አልነገራትም። የተማሪ ማኅበር ሲባል እሷ የሚታያት ሰልፍና እስር ነው።

አልፈርድባትም። እኔ በተወለድሁበት በ1962 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥላሁን ግዛውን የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ዓመቱን አልጨረሰም። ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው ስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም ወታደር ተኮሰ። እኛ ወንጌላውያን ያንን ዘመን ስናስታውስ የምንተርከው በአብዛኛው ስለ ሌሎቹ ወጣቶች ነው፦ በ1959 ዓ.ም. ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን ስለ መሠረቱት፣ መንግሥት ፈቃድ ስለ ከለከላቸው፣ ስለ ታሰሩትና ስለ ተደበደቡት። ደግ ነው፣ ይተረክ። ግን ከእነዚያ ጸሎተኞች ጥቂት የማይባሉት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማሩ ነበር። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲወጡ የጮኹት ስለ ማን ነበር? አባቴ ጢሰኛ ነበር። በየዓመቱ ካመረተው ለባለ መሬቱ ያካፍል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ አባቴ ግን ያንን ቀን እስኪሞት ሲያወራው ኖሯል። የዝንጅብል ማሳችንም የኛ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔን ኮሌጅ ያስተማረኝ ያ ዝንጅብል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደም መፋሰስ ረስቼው አይደለም፤ ዕዳ አለብን ለማለት ያህል ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔ እምቢ ስላለኝ በማግሥቱ ገበያ መሃል ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ አመጣልኝ። ስድስት ገጽ ነው። እውነቱን ልናገርና እያነበብሁ ቀናሁ። እኛ በአጥቢያችን ስንትና ስንት ኮሚቴ አቋቁመን በሦስት ዓመት ያልሠራነውን እነዚህ ልጆች በአንድ ዓመት ሠርተውታል። ጥቅምት ላይ አዲስ ገቢዎችን ተቀብለዋል፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ መግዛት ላልቻለ ከነባር ተማሪዎች አሮጌ ቅጂ ለምነው አከፋፍለዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ቀድሞ ስለሚዘጋ ፊርማ አሰባስበው፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው፣ በሦስተኛው ሰዓቱን አስረዝመዋል። ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ አዘጋጅተዋል። የሕግ ተማሪ ይህን ፈተና ያውቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የትምህርት ክፍል ሳይደርስ እነሱ ለዓመታት ሲፈተኑት ነበር።

ልቤን የነካው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ነው። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው ይመጣል፤ ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ። ተማሪዎቹ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው ይሰማሉ፣ አቤቱታ ያዘጋጃሉ። ማኅበሩ ደግሞ ተረኛ ይመድባል፣ አማርኛ ለማይችሉት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ልጁ ራሱ አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ከከምባትኛ ሲያስተረጉም ውሏል። «ምን አሉህ?» ብለው «ከሁሉ በፊት የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ» አለና ሳቀ።

ብዕሬን ይዤ አማርኛውን አርማለሁ። «ተከናውኗል፣ ተሰጥቷል፣ ተዘጋጅቷል» እያለ ይሄዳል። አራተኛው ገጽ ላይ «የገንዘብ ችግር ላለባቸው ተማሪዎች የፎቶ ኮፒ ድጋፍ ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከላይ ያለውን ሁሉ በዝርዝር የጻፈ ልጅ ይህችን በአንድ መስመር ስላለፋት «ለስንት ተማሪ ነው?» አልሁት።

«ለሰባት።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

ዝም አለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቆይቶ ነገረኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከየተማሪው መዋጮ ሰብስበው ለሰባቱ ማንበቢያ ጽሑፍ ያባዙላቸው ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር አዲስ አበባ ላይ የምስለ ችሎት ውድድር መጣ። ቡድኑ ተዘጋጅቷል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ግን ጎደለ። እሱ በአንድ ምሽት፣ ለሁለት የኮሚቴ አባላት ብቻ ስልክ ደውሎ፣ የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ ለጉዞው አዋለው። ለሰባቱ «በጀት አልቋል» ተባለ። አንዱ ጓደኞቹ ሲተኙ የእነሱን ወረቀት እየተዋሰ ሌሊት ያነብ ነበር፤ በአንድ ኮርስ ወደቀ። ቡድኑም ዋንጫ ሳይዝ ተመለሰ።

«ቢሆንም ውሸት አልጻፍሁም፤ ተደርጓል» አለ።

እኔ የስብከት ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ በር ሲከፈትልኝ መግባት አያቅተኝም። 1ኛ ሳሙኤል 12ን አስከፈትሁት። ሳሙኤል ሸምግሎ መሪነቱን ለንጉሥ ሲያስረክብ ሕዝቡን ሰብስቦ በእግዚአብሔርና በቀባው ፊት መስክሩብኝ ይላል፦ በሬውን ወይም አህያውን የወሰድሁበት፣ ያታለልሁት፣ የበደልሁት ሰው ካለ ይናገር፣ እመልሳለሁ። አየህ ልጄ፣ አልሁት፣ ሳሙኤል «ተወስዷል» አላለም። «እኔ ከማን ወሰድሁ?» ነው ያለው። የእኛ ሪፖርት ግን አድራጊ የለውም። ተደርጓል ስንል ማን አደረገው? ተወስኗል ስንል ማን ወሰነው? የቤተ ክርስቲያን ሪፖርትም ይኸው ነው ብዬ ጨመርሁ፣ ትሑት ለመምሰል።

ጥሩ ትምህርት ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና በቅንነት ጠየቀኝ፦ «አባባ፣ እርስዎም ኮሌጅ እያሉ የተማሪዎች ካውንስል ሰብሳቢ ነበሩ አይደል? የእናንተ ሪፖርት እንዴት ነበር?»

ሳቅሁና «መሽቷል፣ እንተኛ» አልሁት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

በ1988 ዓ.ም. ነው። በተማርሁበት የነገረ መለኮት ኮሌጅ ከቻፕል በኋላ በእጅ ብልጫ ሰብሳቢ ተደረግሁ። ሥራችን የጸሎት ተራ ማውጣት፣ የወጥ ቤቱን ቅሬታ ለአስተዳደሩ ማድረስ፣ የታመመ መጠየቅ ነበር። የሻይ ክበብም ነበረን፤ ገንዘብ ያዡ የጠምባሮ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የሚያንስ። ግንቦት ላይ ሒሳብ ሲታይ 180 ብር ጎደለ። ያኔ 180 ብር ለተማሪ ትልቅ ገንዘብ ነው። ልጁ «አላውቅም» ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። ስብሰባውን የመራሁት፣ ቃለ ጉባኤውን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ «በገንዘብ ያዡ ላይ ጉድለት ተገኝቷል።» በዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርትም «የሻይ ክበቡ ሒሳብ ተጣርቷል» ብዬ አስገባሁ። የልጁ ምርቃት ለአንድ ዓመት ተላለፈ። እሱ ግን አልጠበቀም፤ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ፣ አልተመለሰም።

ነሐሴ ላይ መጻሕፍቴን በካርቶን ስከት ከዕብራይስጥ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ የፋርማሲ ደረሰኝ ወደቀ። ሚያዝያ ላይ አንድ ተማሪ ሌሊት በጠና ታሞ፣ ከገንዘብ ያዡ ቁልፍ ተቀብዬ፣ ከሣጥኑ ወስጄ፣ ታክሲና መድኃኒት ከፍዬ ነበር። ነገ እመዘግበዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ቁልፉን የሰጠኝ ልጅም፣ በእንቅልፍ ልቡ የሰጠኝ ነውና፣ አላስታወሰም።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ከዝንጅብል ሽያጭ አባቴ ከላከልኝ ላይ 180 ብር ቆጥሬ፣ በፖስታ አድርጌ፣ ስሜን ሳልጽፍ ለካውንስሉ ስጦታ ብዬ አስገባሁ። ሣጥኑ ሞላ። ሌላው እንደ ጎደለ ቀረ። እሱ በአገሩ ወንጌላዊ ሆነ፤ በኮንፈረንስ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን «እንዴት ነህ ወንድሜ?» እንባባላለን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። ስለ ዕርቅ የሰበክሁት ስብከት ቁጥር የለውም።

በመስከረም፣ ለመሳላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባና የተጣላ ሲታረቅ፣ ከበዓሉ አስቀድሜ በሞተር ወደ ሙዱላ ሄድሁ። ሌሊት አንዲት ጎን የማታስተኛዋን ደረሰኝ ይዤአታለሁ፤ ቀለሟ ደብዝዞ ቁጥሩ ብቻ ይታያል። ለምን እንዳልጣልኋት አላውቅም። ቤቱ ደረስሁ፣ ባለቤቱ ቡና አፈላች፣ ቆጮ ቀረበ። ሳልበላ ነገርሁት። ደረሰኟን አየ፣ ገለበጣት፣ መለሰልኝ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ፦

«አባቴ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ኮሌጁን ለምን ተውህ እንኳ አላለኝም። ሳይጠይቀኝ ሞተ።»

ወገኖቼ፣ ለዚህ ምን ይመለሳል? ሳሙኤል በሬ ከሆነ በሬ ይመልሳል። እኔ አጎንብሼ አለቀስሁ። እሱ አላለቀሰም። «ይቅር ብዬሃለሁ» ለማለትም አልቸኮለም፤ ስለዚህ ነገር አከብረዋለሁ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተነሣና «እናቴ ግን አለች፤ ለእሷ ንገራት» አለኝ።

እናቲቱ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ጀመርሁ። ጆሮዋ አይሰማም። «ምን?» አለች። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ «ምን አለ?» ብላ ልጇን ጠየቀችው። እሱ አላስተረጎመልኝም፤ ቆሞ ይመለከተኛል። ስለዚህ በምስባክ እንኳ በማላወጣው ድምፅ ጮኬ ተናገርሁ፦ ገንዘቡን ልጅሽ አልወሰደም፣ የወሰድሁት እኔ ነኝ፣ ያስከሰስሁትም እኔ ነኝ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሁለተኛ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ገባት መሰለኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ልጇ ዞራ «ይህ ሰው በልቷል ወይ?» አለች። ገብተን በላን። ለብቻችን ስንሆን እሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ለሽማግሌዎቹም እንድናገር። ኅዳር ላይ ቀጠሮ ይዘናል።

የወንድሜ ልጅ ጥቅምት ላይ ደወለልኝ። ርክክቡ ተፈጽሟል። ያቺን መስመር ቀይሮ ጽፏታል፦ ድጋፉ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ እንደተሰጠ፣ በሁለተኛው ገንዘቡን ለጉዞ ያዋለው እሱ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እንደ ወሰነ። ተነሥቶ ሲያነብ ከኋላ አንዳንዶች ሳቁ፤ አንድ ልጅ «የሕግ ተማሪ ሆነህ ራስህ ላይ ትመሰክራለህ?» ብሎ ቀለደበት። አዲሱ ኮሚቴ ከመዋጮው አስቀድሞ የሰባቱን ተማሪዎች ለማባዛት ወስኗል።

«ያ የወደቀው ልጅስ?» አልሁት።

«ኮርሱን ዘንድሮ እየደገመ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን ሰላም አይለኝም፣ አባባ።»

«አንተ በለው» አልሁት።

«በየቀኑ እለዋለሁ» አለኝ።