ስለ ፊደል ዳርና ስለ መደቡ ቀለም

ፊደልን ማሳመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ውበቱ ከሚያርፍበት መደብ ጋር ካልተስማማ ንባብን ያውካል። ይህን የተረዳሁት ከካይሮ በስተ ምዕራብ፥ እ.ኤ.አ. በ1979 በተቆረቆረችው በ6ኛ ኦክቶበር ከተማ ነው። በዚያ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በስልክ የሚነበብ ማስታወቂያ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መደቡ ጥቁር አረንጓዴ፥ ፊደሉ ቢጫ ነው። አንዲት አረጋዊት እናት ግን፥ «ልጄ፥ ፊደሉ ጉም ለበሰብኝ፤ ‹ቤ›ን ከ‹ቢ› መለየት አቃተኝ» አሉኝ።

አጉልቼ ብመለከተው በየፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ አለ። ኮምፒውተር ፊደልን የሚሥለው በጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የፊደሉ ዳር አንዱን ነጠብጣብ በከፊል ሲሸፍን፥ የፊደሉንና የመደቡን ቀለም አደባልቆ ይቀባዋል፤ ዓይንም ዳሩን ለስላሳ አድርጎ ያያል። እነዚህ ፊደሎች አስቀድሞ በነጭ መደብ ላይ ተሥለው ስለ ነበር፥ የተደባለቀው ነጭ ወደ አረንጓዴው አብሮ ተሻገረ፤ የ‹ቤ›ንም ቀለበት ደፈነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ፥ ፊደሉን በመጨረሻው መደብ ላይ እንደገና መጻፍ ነው። ሁለተኛው፥ ያለ መደብ ሥሎ በፒኤንጂ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ግልጥነት በብዙ ደረጃ ይጠብቃል። ጂአይኤፍ ግን ከመታየትና ካለመታየት በቀር መካከለኛ አያውቅም፤ ጄፔግ ደግሞ ግልጥነትን ከቶ አይዝም፥ ዳሩንም ያደበዝዛል። በመጀመሪያው መንገድ ታርሞ ሲቀርብላቸው፥ እናታችን ሳይደናቀፉ አነበቡት።

የብራና ጸሓፊ ቀለሙን የሚያሳርፈው በዚያው በሚነበበው ብራና ላይ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ፊደልን ከማለስለስህ በፊት የሚያርፍበትን መደብ እወቅ።