የሦስት ሳንቲም ደብዳቤ

ለቅርብ ዘመዳችሁ ልትጽፉለት ፈልጋችሁ «ምን ያነካካኛል?» ብላችሁ የተዋችሁት ጥያቄ አለ? ዛሬ የማጫውታችሁ ሳትተወው ስለቀረች ሴት ነው።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ለብዙ ሺህ ሰው የሚላክ አጭር መልዕክት ነው፤ ማንም እንዳይቀየም፣ ሁሉም እንዲወደው ተደርጎ የተዘጋጀ። የድሮ ደብዳቤዎች የሚማርኩኝ ለዚህ ይመስለኛል። ለአንድ ሰው ብቻ ስለተጻፉ ጸሐፊው መደበቂያ የለውም። ካነበብኳቸው ሁሉ ግን እንደ ግሪምኬ ቤተሰብ ታሪክ የያዘኝ የለም።

ግሪምኬዎች በአሜሪካ ደቡብ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በቻርልስተን ከተማ የታወቁ ባለጸጎች ነበሩ። አባትየው ዳኛ ናቸው። ቤታቸውም እርሻቸውም የሚንቀሳቀሰው በባርነት በያዟቸው ሰዎች ጉልበት ነበር። ከብዙዎቹ ልጆቻቸው መካከል ሁለቱ ሴቶች፣ ሳራና የመጨረሻዋ ልጅ አንጀሊና፣ ይህን ኑሮ መቀበል አቃታቸው። ሳራ እ.ኤ.አ. በ1821፣ አንጀሊና ደግሞ በ1829 ቤታቸውን ትተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊላደልፊያ ሄዱ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅን፣ እህትና ወንድምን የሚያገናኘው ደብዳቤ ሆነ። ደብዳቤ ደግሞ ውድ ነበር። እስከ 1845 ድረስ የፖስታ ክፍያ የሚሰላው በወረቀቱ ብዛትና በርቀቱ ሲሆን፣ ከ400 ማይል በላይ ለሚጓዝ አንድ ወረቀት 25 ሳንቲም ይጠየቅ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ከማይስማማችሁ ዘመድ የመጣን ቃል ለማንበብ መጀመሪያ ከኪሳችሁ ማውጣት ነበረባችሁ ማለት ነው።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ አልቀረም። በ1835 ክረምት ቻርልስተን ውስጥ ሰዎች ፖስታ ቤቱን ሰብረው ገቡና ባርነትን የሚቃወሙ ጽሑፎችን አውጥተው አቃጠሉ። በዚያው ዓመት አንጀሊና ለጋዜጣ አዘጋጁ ለዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን የማበረታቻ ደብዳቤ ጻፈች። እሱም ሳያስፈቅዳት በጋዜጣው አወጣው። ወዳጆቿ ቃሏን እንድታነሳ ወተወቷት፤ እህቷ ሳራ ሳትቀር አልደገፈቻትም። አንጀሊና አላነሳችም። በዓመቱ ለደቡብ ሴቶች ባርነትን የሚቃወም ጥሪ አሳተመች። ያን ጊዜ የቻርልስተን ከንቲባ እናትየው ዘንድ ሄደው፣ ልጃቸው ወደ ከተማዋ እንዳትመለስ አስጠነቀቁ። ሳራ ቆይታ ከታናሿ ጎን ቆመች፤ ሁለቱም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ባርነትን አወገዙ።

እስካሁን የነገርኳችሁ በአደባባይ የሚታወቀውን ነው። እኔን የያዘኝ ከሰላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ነው።

የካቲት 1868። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቋል፣ ባርነት በሕግ ተሽሯል። አንጀሊና ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ከባሏና ከእህቷ ጋር ማሳቹሴትስ ትኖራለች። አንድ ቀን ጋዜጣ ስታነብ ፔንሲልቫኒያ በሚገኘው፣ ጥቁሮች በሚማሩበት ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ስላለ ጎበዝ ተማሪ የተጻፈ ዜና አየች። የልጁ የቤተሰብ ስም ግሪምኬ ይላል።

ጋዜጣውን አጥፋ ማስቀመጥ ትችል ነበር። ከባርነት የወጡ ብዙ ሰዎች የቀድሞ ጌታቸውን ስም ይዘው ስለቀሩ፣ «የእኛ ቤት ሰው ይሆናል» ብሎ ማለፍም ቀላል ነበር። እሷ ግን ጻፈችለት። ማን እንደሆነች፣ የማን እህት እንደሆነች በግልጽ ነገረችው፤ ስሙ ብዙ የማይገኝ በመሆኑ ምናልባት ከወንድሞቿ በአንዱ ቤት በባርነት ኖሮ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ስለእሱ ማወቅ እንደምትሻም ገለጸችለት። በዚያ ጊዜ አንድ ደብዳቤ በሀገሪቱ ውስጥ የትም ለመላክ ሦስት ሳንቲም ይበቃ ነበር።

መልሱ መጣ። ስሙ አርቺባልድ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት። አባቱ ሄንሪ ግሪምኬ፣ የአንጀሊና የገዛ ወንድም ናቸው። እናቱ ናንሲ ዌስተን በሄንሪ ቤት በባርነት የተያዙ ሴት ነበሩ። ፍራንሲስና ጆን የሚባሉ ወንድሞችም አሉት። ሄንሪ በ1852 ሲሞቱ ናንሲንና ልጆቹን ለነጩ ልጃቸው ተናዘዙ፤ እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገዛ ወንድሞቹን ባሪያ አደረጋቸው። አርቺባልድ አምልጦ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቻርልስተን ውስጥ ተሸሽጎ ቆየ።

እዚህ ላይ ስለራሴ ቤት ትንሽ ልበል። አያቴ ቤት ያደገች፣ ሁላችንም «እታለም» የምንላት ሴት አለች። ስሟንም ሀገሯንም አልጠቅስም። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ ነበረች፤ ፎቶ ሲነሳ ግን ጓዳ ናት። ጎረቤት ሁሉ «ቁርጥ አባባን!» ይላል። ቤተሰቡ «ያሳደግናት ልጅ» ይላል። ውርስ ሲከፋፈል የእሷ ስም አልተነሳም። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ስለ ሀገር ፍትሕ ሲሟገቱ የሚያድሩ ሰዎች አሉ፤ የእታለም ነገር ግን ተነስቶ አያውቅም። ባለፈው ወር ሜሪላንድ ለምትኖረው ትልቋ አክስቴ በእጄ ጽፌ ላኩላት። ማንንም አልከሰስኩም፤ ጠየቅሁ ብቻ። መልስ እስካሁን አልደረሰኝም።

ለዚህ ነው አንጀሊና ቀጥሎ ያደረገችውን ደጋግሜ የማነበው። ዕድሜዋን ሙሉ የሌሎችን ቤት ኃጢአት ስትናገር ለኖረች ሴት፣ የገዛ ወንድሟን ነውር የያዘው ወረቀት እጇ ላይ ነበር። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። መልሳ ጻፈች፤ የወንድሟ ልጆች መሆናቸውን ተቀበለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ከራሷ ልጅ ጋር ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዳ ጎበኘቻቸው። ሀብታም ባትሆንም እሷና ሳራ ለትምህርታቸው የሚችሉትን አዋጡ፤ ቤታቸውንም ከፈቱላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሕዝብና ስለ መንግሥት ያለን አቋም በአደባባይ ሲነገር ያምራል። ግሪምኬዎች ቤት ግን ጥያቄው «ይህ ልጅ የማን ነው?» ሆኖ መጣ። መልሱንም በስሟ ፈርማ የምትልክ አንዲት አክስት አስፈለገች።

አርቺባልድ በ1874 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ፍራንሲስ በዋሽንግተን ከተማ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ፓስተር ሆነ። አንጀሊና በ1879 አረፈች። በዓመቱ መጀመሪያ አርቺባልድ ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟንም አንጀሊና አላት።