መርካቶ ፊልም የት ይይ?

«ስልክ እያለ ማን ሲኒማ ቤት ይሄዳል?» የሚለው ጨዋታ ሰሞኑን በዝቷል። ሰፊ ሳሎን፣ ትልቅ ቲቪና የማይቆራረጥ ዋይፋይ ላለው ሰው ነገሩ ያለቀለት ሊመስለው ይችላል። ከመርካቶ ሆኜ ሳየው ግን አንድ ነገር የተዘለለ ይመስለኛል፤ ቤት ቁጭ ብሎ ለማየት አስቀድሞ ቁጭ የሚባልበት ቤት ያስፈልጋል።

መርካቶን የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ቦንዳ የሚሸከመው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሸጠው ወጣት ብዙው ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ማታ የሚያድረው ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ በተከራየው ክፍል ነው፤ ፍራሽ ከፍራሽ ገጥሞ፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው እየነቃ። ይህን ልጅ «ቤትህ ሆነህ ተዝናና» ማለት አያስኬድም።

በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ለኢትዮጵያ የተከፈተው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ቀን ከ130 በላይ አገሮች ሲጨምር እኛም አብረን ተቆጠርን። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ካርድ ያለው ሰው ግን ስንት ነው? መርካቶ ውስጥ ፊልምን ከአዳራሽ ያስወጣው ፍላሽ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ልጅና አንድ በርጩማ ብቻ የሚይዙትን ጠባብ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ደንበኛው ፍላሹን ከቁልፉ መያዣ ፈቶ ያቀብላል። «ስንት ጊጋ ነው?» «ስምንት።» «ህንድ ላድርግልህ ወይስ ትርጉም?» በስክሪኑ ላይ ህንድ፣ አክሽን፣ ተከታታይ እየተባለ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ተጭኖ ያልቃል። በዚያው በ2008 ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ይዞ መጣ፤ ዲሽ ካለው ቤት ብዙው የማታ ሰዓቱን ለእሱ ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የመርካቶ ፊልም ማሳያ የነበረው ሲኒማ ራስ ዛሬ ለብዙ ሰው የሰፈር ስም ነው፤ ዕቃ የሚያወርደው ልጅም፣ ነጋዴውም አድራሻ ሲናገር «መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ» ይላል። ገበያው ራሱ እዚህ የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ከነጮቹ ሰፈር ለመለየት ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲገፋው ነው። ያም ሆኖ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ሲኖሯት፣ መርካቶም ራስን የሚያህል የራሱ አዳራሽ ነበረው። በኋላ ራስ ቴአትር ተብሎ የመድረክ ሥራ ሲታይበት ቆየ። አሮጌው ሕንፃ ለአዲስ ግንባታ ከፈረሰ በኋላ ስሙን እየጠሩ አዳራሹን ግን ሳያዩ ያደጉ የሰፈር ልጆች አሉ። ይህ ያሳዝነኛል።

የፊልሙን ክፍተት ሲሞላ የኖረው ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ የጣውላ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፤ የካራቴው ጩኸት ውጭ ድረስ ተሰምቶ አላፊውን ያስቆማል። ቋንቋውን የማይችለው ይበዛል፤ ግን ግድ የለም፤ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ከኋላ ሆኖ ይተርካል። «ወንበዴው ከበሩ ጀርባ ነው!» ብሎ አክተሩን የሚያስጠነቅቅ አይጠፋም። ህንዳዊቷ እናት ስታለቅስ ቀን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ጎረምሳ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል፤ አጠገቡ ያለውም እንደዚያው ስለሆነ ማንም አያፍርም። ተማሪ ያስቀራሉ እየተባለ ብዙ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ሲዘጉ በምትካቸው የተከፈተ የለም። አሁን ያው ጎረምሳ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ በተሰነጠቀ ስክሪን፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ብቻውን ያያል።

ጉዳቱ ለተመልካቹ ብቻ አይደለም። ከ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ፊልም ጀምሮ የአማርኛ ፊልም ሠሪ ገንዘቡን በእርግጠኝነት የሚያየው ትኬት ሲቆረጥ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዲጂታል ካሜራ ሥራውን ሲያረክሰው፣ በየሲኒማ ቤቱ በር ሰልፍ ነበር፤ ፊልም ሠሪውም ማሳያ ተራ ይጠብቅ ነበር። ቪሲዲው ገበያ በወጣ ማግስት ግን ቅጂው መርካቶን ያጥለቀልቀው ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፣ የፊልም ፖሊሲም በ2010 ጸድቋል፤ ፍላሽ የሚጭነውን ሱቅ ግን የነካው የለም። በመጋቢት 2012 ኮሮና አዳራሾቹን ሲዘጋ ብዙ ሠሪ ወደ ዩቲዩብ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙው ፊልም ሳሎን ውስጥ ተጀምሮ ሳሎን ውስጥ የሚያልቅ ሆኗል። ሠሪውን አልወቅስም። ሰፊ ሜዳ፣ ብዙ ሰው፣ ጥሩ ድምፅ ወጪ ነው፤ ያንን የሚመልሰው የተሞላ አዳራሽ ነው።

አዳዲሶቹ ሲኒማ ቤቶች ጥሩ ናቸው። አለም ሲኒማም ሆነ ኤድና ሞል ያለው ማቲ ግን ቦሌ ናቸው። ለመርካቶ ልጅ ትራንስፖርቱና ትኬቱ ተደምረው የቀን ገቢውን ይበላሉ፤ ዘበኛው ከላይ እስከ ታች ሲያየው ደግሞ ሌላ ጊዜ አይመለስም።

እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ልጁ ልብሱን አጥቦ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲወጣ የሚጠብቀው ኳስ ማሳያ ቤት ወይም ጫት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በመርካቶ መሬት በአክሲዮን ፎቅ ለምትሠሩ ነጋዴዎች ነው። ገበያተኛ ደረጃ መውጣት እንደማይወድ፣ የላይኛው ፎቅ ተከራይ አጥቶ እንደሚከርም ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከእነዚያ ባዶ ወለሎች አንዱን ለአዳራሽ አውሉት። ትኬቱ ከአንድ ምሳ አይብለጥ፤ በቴሌብር ይቆረጥ። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት የአማርኛ ፊልም፣ 11 ሰዓት ህንድ ከነትርጉሙ አሳዩ፤ ለፊልም ሠሪውም ድርሻውን በየሳምንቱ ክፈሉት።