ነጩ ጠባቂ

በ1967 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ መታየት የጀመረውን «ዘ ፕሪዝነር» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ አይታችሁታል? ከመንደሩ ለማምለጥ የሚሞክረውን አሳዶ የሚይዘው ጠባቂ ትልቅ ነጭ ፊኛ ነው፤ ስሙም «ሮቨር»። መጀመሪያ የተሠራው ተሽከርካሪ አልሳካ ሲል ነው ፊኛው የተተካው። ምንነቱን ግን 17ቱም ክፍሎች አይነግሩንም። ስለዚህ ስሙን እንደ ምህፃረ ቃል ቆጥሮ ለየፊደሉ ፍቺ በመፍጠር መጫወት ይቻላል።

እኔም ጨዋታውን በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ላለችው ልጄ በአማርኛ አቀረብኩላት። «ቨ»ን ዘለለችው። ለቀሩት ግን ጊዜ አልፈጀባትም፦ «ሮ»፣ ሮጠሽ ነይ፤ «ር»፣ ርቀሽ እንዳትሄጂ። ሁለቱም ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ የምላት ናቸው። ጠባቂዋ ማን እንደሆነ ገባኝ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። መልሱ ስለ ፊኛው ላይሆን ይችላል፤ ብቻ ሳታቋርጡ አድምጡ።