ቀሪው የት ገባ?

ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራዬን ጮክ ብዬ የመሥራት ልማድ ነበረኝ። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ወስፌዋ ሣሩን ሲወጋ የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ እስከ ዛሬ ከማካፈል ጋር ተቆራኝቶ በጆሮዬ አለ። አንድ ምሽት «ሃያ ዘጠኝ ለአራት ሲካፈል ሰባት፣ ቀሪ አንድ» ብዬ ደብተሬን ልከድን ስል ቀና አለችና «አንዱስ የት ገባ?» አለችኝ።

«ቀሪ ነዋ! ይጻፋል፤ ከዚያ ይተዋል።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ ይተዋል፣ ልጄ!» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሳቅሁባት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ ማካፈል ምን ታውቃለች ብዬ ነበር የሳቅሁት።

እርሷ አረፈች፤ እኔም የሒሳብ መምህር ሆንኩ። ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ያንኑ «ቀሪ» የሚለውን ቃል በጠመኔ እየጻፍሁ፣ ያንኑ እየተውሁ ስንት ዓመት ከረምሁ። ከእርሷ የቀረኝ ሰፌድ ይሁን ሌማት ገና ያልለየ አንድ ጅምር ስፌት ነው። ከእምብርቱ ስምንት ጨረር ይወጣል፤ አራቱ ቀይ፣ አራቱ አረንጓዴ። ከመደርደሪያ አውርጄው አላውቅም ነበር።

ያስወረደኝ ንባብ ነው። በሞዛምቢክ ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ገርደስ (እ.ኤ.አ. 1952–2014) በኢንሃምባኔ አካባቢ ስለሚሠሩት ሲፓትሲ ስለተባሉ የእጅ ቦርሳዎች ጽፏል። በእነዚያ ቦርሳዎች ላይ ጥለቱ ዙሪያውን ዞሮ ከራሱ ጋር እንዲገጥም፣ ሠሪዋ የምትይዛቸው ስንጥሮች ብዛት ለጥለቱ ስፋት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። አካፋይና ብዜት ማለት ይኸው ነው። አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

ክፍል ውስጥ በስፌቱ አልጀመርሁም፤ ፈራሁ መሰለኝ። አንድ ጣት የሚወፍር ገመድ ወለሉ ላይ እንደ ስፌት እያጠማዘዝን፣ የእያንዳንዱን ዙር ርዝመት በክር ለካን። ልጆቹ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ጭማሪውም የሚሰፋ መስሏቸው ነበር። አልሰፋም። ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ ዘጠነኛው ከስምንተኛው የሚበልጠው በዚያው ልክ ነው፤ ስድስት ጣት ከጥቂት። የዙሩ ሬዲየስ በአንድ ጣት ሲያድግ ዙሪያው የሚያድገው የ3.14ን እጥፍ ያህል፣ ማለትም 6.28 ጣት ነውና። ገመዱን በሳንቲም ዙሪያም ብንጀምረው፣ በዋርካ ግንድ ዙሪያም ብንጀምረው ጭማሪው አይለወጥም። አንድ ልጅ አላመነም፤ ክሩን ይዞ ሁሉንም ብቻውን እንደገና ለካ። እንዲህ ያለ አለማመን ደስ ይለኛል።

ለሰፊዋ መከራዋ «ከጥቂት» የምትለዋ ናት። ዙሩ በስድስት ልክ ቢያድግ ኖሮ ባለ ስድስት ጨረር ሥራ ሁሉ በቀላሉ በገጠመ ነበር። ግን አያድግም፤ እናቴ ደግሞ የመረጠችው ስምንት ነው።

በማግስቱ ስፌቱን ይዤ ገባሁ። አለላው ሣሩን አንድ ጊዜ የሚዞርበትን እያንዳንዱን ጥምጥም በመርፌ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። የመጨረሻው ሙሉ ዙር 124 ሆነ። «ለስምንት አካፍሉ» አልኩ። አሥራ አምስት፣ ቀሪ አራት። እጄ እንደ ልማዱ ቀሪውን ሰሌዳው ላይ ጻፈና ቆመ።

ከኋላ ከሚቀመጡት አንዷ፣ በሒሳብ ሰዓት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ ስፌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቆጥር ቆይታ ነበር። «ቲቸር፣ እኩል አይደሉም» አለች። «ቀዮቹ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ናቸው። አረንጓዴዎቹ ናቸው አሥራ አምስት።»

ተቀብዬ ቆጠርሁ። እውነቷን ነው። አራቱ ቀሪዎች ለአራቱ ቀዮች አንድ አንድ ተሰጥተዋል፤ ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ ስለሚሄዱ ዓይን ልዩነቱን አያየውም። ከሥሩ ያለውን ዙር አስቆጠርኋቸው፤ 114። አሥራ አራት፣ ቀሪ ሁለት። ሁለቱም በሁለት ቀዮች ውስጥ ነበሩ፤ ያውም ጎን ለጎን ሳይሆን ከእምብርቱ ወዲያና ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው። አንድ ዙር ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ያሰበ እጅ ያስቀመጣቸው ናቸው።

ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ልጆቹ ያዩት አይመስለኝም፤ እነርሱ የሚቀጥለውን ዙር ይገምቱ ነበር። 134 ይሆናል አሉ። አሥራ ስድስት፣ ቀሪ ስድስት። አራቱን ለቀዮቹ እንስጥ፤ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ፊት ለፊት ላሉ ሁለት አረንጓዴዎች። አይ፣ ለቀዮቹ ሁለት ሁለት ብንሰጣቸውስ? ስምንት ይሆናል፣ አይበቃም። ተጨቃጨቁ።

ያ ስፌት በእርሷ እጅ እንደቆመ ይኑር ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ያቺው ልጅ «ወስፌ አለዎት?» ስትለኝ ግን እንቢ የምልበት አንደበት አጣሁ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አለላ ገዛሁ።

ዙሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ 135 ወጣ። የገዛሁት ቀይ ከእርሷ ቀይ ጋር አልገጠመም፤ ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ እንኳ ይለያል።